ያዝኩት ያልከው ሌባ

አባዬ፣

ለጤናህ እንዴት ነህ ብዬ አልጀምርም፤ ጤና ከማይጠየቅበት ቦታ ነህ። ከተለየኸን አሥራ አንድ ወር ሆነ። እማዬ ለሙት ዓመትህ ገብስና ጌሾ አስመጥታ ነበር። ጆንያው እንደታሰረ ግድግዳ ተደግፎ ቆሟል። ከእኔ ጋር አትነጋገርም። ምክንያቱን ከሌላ ሰው ከምትሰማው ከእኔ ብትሰማው ይሻላል ብዬ ነው የምጽፍልህ።

መጀመሪያ የቤቱን ልንገርህ። መንገዱ ሲሰፋ የጋራዡ የፊት አጥር ፈረሰ። ብረት በሩን ሁለት ሜትር ወደ ውስጥ ገፍቼ ተከልኩት። ከሰዓት በኋላ ፀሐይ የምትሞቅበት ቦታ አሁን የእግረኛ መንገድ ነው፤ ሰው ይረግጠዋል። ቆርቆሮ ደብዳቢው ዕቃውን ጭኖ ወደ አስኮ ሄደ። ጎሚስታው ዘሪሁን ግን አጠገባችን እንዳለ ነው። በባትሪ የሚሄዱ መኪኖች በዝተዋል። አንዱን ኮፈኑን ከፍቼ አየሁት። ካንዴላ የለው፣ ማኒፎልድ የለው፣ የሚተነፍስበት አፍ የለውም። ብታየው ኮፈኑን በጥፊ ትዘጋበት ነበር።

የግራ እጄ በጄሶ ታስሯል። ወደዚያ እመጣለሁ።

አየር መስማትን ያስተማርከኝ በዱላ ነው። አንድ ሜትር የጎማ ቱቦ ወስደህ አንዱን ጫፍ ጆሮዬ ውስጥ ትሰካለህ፤ ሌላውን በሚሠራው ሞተር ላይ፣ በማኒፎልዱ ዙሪያ፣ ቀስ እያልክ ታዞራለህ። «የት ጋ ነው የሚያፏጨው?» ትለኛለህ። ሳላውቀው ስቀር ያንኑ ቱቦ ከጆሮዬ ነቅለህ ጀርባዬ ላይ ታሳርፈዋለህ። መልሰህ ትሰካለህ። ደጋግመህ። በሦስተኛው ወር ላይ ቱቦ ሳልሰካ መስማት ጀመርኩ። ያን ቀን ከሳህንህ ላይ ትልቁን ሥጋ አንስተህ ወደ እኔ በኩል አደረግከው። ሁለቱንም አስታውሳለሁ፤ ቱቦውንም፣ ሥጋውንም።

ለደንበኛ የምታስረዳበት መንገድ ነበረህ። ማኒፎልዱ አየር ወደ ሞተር የሚገባበት ባለ አራት እግር ቧንቧ ነው ብለህ አትጀምርም። «ቤትህ አንድ በር አለው እንበል» ትለዋለህ። «እንግዳው ሁሉ በበሩ ይገባል፣ ሰላም ይላል፣ ይቆጠራል። በጣሪያ ተሸንቁሮ የሚገባው ምንድን ነው?» ደንበኛው «ሌባ» ይላል። «በቃ፣ መኪናህ ሌባ አለበት» ትለዋለህ። ማኒፎልዱ ሲሰነጠቅ ወይም በመሃል ያለው የካርቶን ማሸጊያ፣ ጓርኒሲዮኑ፣ ሲበላ በዚያ ቀዳዳ ያልተቆጠረ አየር ይገባል። ሞተሩ ይታወካል፤ ነዳጅ ሳትሰጠው ይጮሃል፣ ይወርዳል፣ መብራት ላይ ሲቆም ይጠፋል። ሌላው መካኒክ «አየር ይስባል» ነበር የሚለው። አንተ «ሌባ አለበት» ነው። ስታገኘው ደግሞ ቀዳዳውን በሌባ ጣትህ ትደፍነዋለህ፤ ፉጨቱ ጸጥ ይላል። «ሌባ በሌባ ጣት ይያዛል» ትላለህ። ደንበኛው ይስቃል። እኔም እስቅ ነበር።

ዘጠኝ ዓመት ያለፈውን ያንን ቀን አንተ ታውቀዋለህ። ነገር ግን አንድም ቀን ተቀምጠን አውርተነው አናውቅም። እኔ ያየሁትን ልጻፈው።

ያን ሰሞን ሰፈሩ ውስጥ ስፖኪዮ ያልተነቀለበት መኪና አልነበረም። በቀን፣ ሾፌሩ ሻይ ጠጥቶ እስኪመለስ ይነቅሉት ነበር። ከእኛ ግቢ እንኳ ሁለት ሄደ። ዘሪሁን «እጄ ይግባ ብቻ፣ ጎማ አልብሼ ነው የማቃጥለው» ይል ነበር። ሁላችንም እንል ነበር። ሰው ሁሉ ብረት አጠገቡ አድርጎ አንድ ቃል ይጠብቅ ነበር።

ማክሰኞ ነው፣ ከምሳ በኋላ። አንተ ነጭ ሚኒባስ ላይ ተደፍተሃል። ሁለት ጋራዥ አቅቶት የመጣ ነው። ሞተሩ ይሠራል፣ ባለቤቱ አጠገብህ ቆሟል። እኔ ከግቢው ጥግ ሌላ መኪና በክሪክ አንስቼ ጎማ አወጣለሁ። ድንገት ከሞተሩ ድምፅ በላይ ጮህክ። «ሌባው! ያዝኩት! ያዝኩት ሌባውን!»

ቀና ስል በሩ ላይ አንድ ሰው ቆሟል። ቀጭን ነው፣ ቡኒ ጃኬት ለብሷል። በጋዜጣ የተጠቀለለ ነገር ይዟል፤ ከጋዜጣው ጫፍ ስፖኪዮ ብቅ ብሏል። ሁላችንም አየነው። እሱም ስናየው አየን። ሮጠ። ንጹሕ ሰው ለምን ይሮጣል ብዬ ራሴን ስንት ጊዜ አጽናናሁ። አሥር ሰው ብረት ይዞ ሲያፈጥጥብህ ትሮጣለህ፤ ሌላ መልስ የለውም።

ዘሪሁን በእግሩ ጠልፎ ጣለው። ሲነሳ እኔ የክሪኩን እጀታ ይዤ ደረስኩ። የመጀመሪያውን ግራ ጆሮው ላይ አሳረፍኩ። እርጥብ እንጨት ሲሰነጠቅ የሚሰማው ዓይነት ድምፅ ነው። ወደቀ። ከወደቀ በኋላ ሁለት ጊዜ ደገምኩት፤ አንዱን ትከሻው ላይ፣ አንዱን ፊቱን በጋረደበት ክንዱ ላይ። ዘሪሁን በቦት ጫማው ሆዱን ይረግጠው ነበር። ቆርቆሮ ደብዳቢው መዶሻውን ይዞ መጣ። ከመንገድ ማዶ የማናውቃቸው ሰዎች ድንጋይ እያነሱ መጡ። አንዲት ከታክሲ የወረደች ሴት ምን እንደሆነ እንኳ ሳትጠይቅ በዣንጥላዋ ጫፍ ወጋችው፣ መንገዷንም ቀጠለች። «የእኔ ነው፣ ገዝቼው ነው፣ ላስገጥመው ነው የመጣሁት» ይል ነበር። ሁሉም ሌባ እንደዚያ ነው የሚለው ተባባልን። ከዚያ አፉ ውስጥ ደም ሞላና ቃሉ አልሰማ አለን።

አንተ አልመታህም። ይህን እመሰክርልሃለሁ። በሩ ላይ ቆመህ ነበር። እጅህ ቅባት ነው። አፍህ ተከፍቷል፤ የሚወጣ ነገር ግን የለም። እኔ የኮራህብኝ መስሎኝ ነበር።

ፖሊስ በፒካፕ ጭኖ ወሰደው። እኛም ተመልሰን ገባን። ሚኒባሱን ማንም አላጠፋውም፤ ሞተሩ ይሠራል፣ ያፏጫል። ባለቤቱ ከመኪናው አጠገብ ንቅንቅ አላለም። «እሺ ጋሽ መኮንን፣ የታለ ያሉት ሌባ?» አለህ። ለእሱ ያ ሁሉ ግርግር የመንገድ ነገር ነው፤ የመጣው ለመኪናው ነው። አንተ በማኒፎልዱ ሥር እጅህን አስገብተህ ጣትህን ከሦስተኛው ቧንቧ መጋጠሚያ ላይ አሳረፍክ። ፉጨቱ ቆመ። ሞተሩ ረጋ።

ያኔ ገባኝ።

ቀና ብለህ አየኸኝ። የክሪኩን እጀታ አልጣልኩትም ነበር። «ቡሎኖቹን ፍታ» አልከኝ። ፈታሁ። ከካርቶን አዲስ ጓርኒሲዮን ቆረጥን። ጣቶቼ መሃል የደረቀ ደም ነበር፤ ካርቶኑን እንዳያበላሽ ቤንዚን አፍስሰህ እጄን አንተው አጠብከኝ። እንደ ሕፃን፣ ጣት በጣት። ሚኒባሱ ሳይመሽ ወጣ። እስከ ዛሬ ይሠራል፤ ባለፈው ቤቴል አይቼዋለሁ።

በማግስቱ ጣቢያ ሄደህ ቃልህን ሰጠህ። «ስፖኪዮ ይዞ ከግቢዬ ሲወጣ ነው የተያዘው» አልክ። ስትመለስ «ዝም ካላልክ የምትገባው አንተ ነህ። እሱ ቁስሉ ይድናል» አልከኝ። ሦስት ሳምንት ታስሮ፣ ዕቃው የእኔ ነው የሚል ሰው ሲጠፋ ተለቀቀ። ስሙን አልጠየቅንም። ከዚያ ቀን ጀምሮ ያ ቃል ከአፍህ ጠፋ። «አየር ይስባል» ማለት ጀመርክ፣ እንደ ሌላው መካኒክ። ማንም ልብ አላለም። እኔ በመጣ መኪና ቁጥር እሰማው ነበር።

አንድ ጊዜ ብቻ አነሳሁብህ። ኮፈን ሥር ጎን ለጎን ሆነን ስንሠራ «ያ ሰውዬ ምን ሆኖ ይሆን?» አልኩህ። በካቻቪቴው እጀታ አፌን መታኸኝ። የፊት ጥርሴ ዘይቱ ውስጥ ወደቀ። ሠላሳ ሦስት ዓመቴ ነበር፣ የሁለት ልጆች አባት ነበርኩ። ጥርሱን ሳላነሳው ሥራዬን ቀጠልኩ። ከዚያ ወዲያ አልጠየቅኩህም።

እንግዲህ የዘንድሮውን ስማ።

ከሁለት ወር በፊት አንድ ሰው አሮጌ ግራጫ የቤት መኪና ነድቶ መጣ። በር ሳይገባ ሰማሁት፤ ከማኒፎልዱ ያፏጫል። ሰውየው ወርዶ ቀኝ ጎኑን ወደ እኔ አዙሮ ቆመ።

«የሞተር መብራቱ አልጠፋ አለኝ» አለ። «ሦስት ጋራዥ አዙሬዋለሁ። ካንዴላ ቀየሩ፣ ኮምፒዩተር ሰኩበት፣ ጸሎት ነው የቀራቸው። ሰው ሁሉ ያፏጫል ይለኛል። እኔ በወዲህ በኩል አልሰማም፤ በወዲያኛውም ቀጭን ድምፅ አይለይልኝም።» ግራ ጆሮውን ነካ አደረገ። ጆሮው እንደተጨመቀ ሎሚ ሆኗል።

አወቅኩት። እሱም እንዳወቅኩት አየ።

«ከድር እባላለሁ» አለ። «አባትህ በሕይወት እያሉ መምጣት ከበደኝ። ልቅሶው ይለፍ ብዬ ነው የቆየሁት።»

ልቅሶህን ጠብቆልሃል፣ አባዬ። እኔ ወንበር እንኳ አልሰጠሁትም ነበር።

ነገሩ ይህ ነው። ሴት ልጁ ልታገባ ነው። የሚያገባት ወጣት የኮልፌ ልጅ ነው፣ ቤተሰቡ ነጋዴ ነው። የወጣቱ አጎቶች ስለ ወላጆቿ ሲያጣሩ አባቷ እዚሁ ሰፈር ስፖኪዮ ሲሰርቅ ተይዞ ተደብድቧል ተባሉ። ሽማግሌ ልከው ነበር፤ ከዚያ ወዲያ ቀሩ። ልጅቷ ከክፍሏ አትወጣም።

«እንዳልሰረቅሁ ከዚህ ግቢ አንድ ሰው ይንገርልኝ» አለ። «ሌላ አልፈልግም። ማን እንደመታኝ አላውቅም፣ ደሙ ዓይኔን ሸፍኖት ነበር። ለማወቅም አልመጣሁም።»

«እርስዎ ነግረዋቸዋል?»

«ሌባ 'ሌባ አይደለሁም' ሲል ማን ይሰማዋል? አንተ ሰምተኸኝ ነበር?»

መኪናውን እስከ ሐሙስ እንዲተውልኝ ነገርኩት። «የጠየቅኩህ ስለ መኪናው አይደለም» አለ። «አውቃለሁ» አልኩት። ቁልፉን ኮፈኑ ላይ አስቀምጦ በታክሲ ሄደ።

ሁለት ቀን አሰብኩበት። ቀላል መስሎኝ ነበር። በስሕተት ነው የተመታው ብል ይበቃል፤ ማን መታው የሚል የለም። ግን የወጣቱ አጎቶች ነጋዴዎች ናቸው፤ «በምን አወቅህ?» ማለታቸው አይቀርም። በምን እንዳወቅሁ የሚያስረዳው ያ ቃልህ ብቻ ነው። ቃሉን ካነሳሁ አንተ ትመጣለህ፤ ጣቢያ የሰጠኸው ቃል ይመጣል፤ የክሪኩ እጀታም ይመጣል። አንዱን ቡሎን ስትፈታ ሁሉም ይላላል።

መኪናውን ያዝኩ። ቀዳዳውን ስፈልግ አንተ በመርፌ ቤንዚን ትረጭ እንደነበረው አላደርግም፤ ክንዴ ላይ ያለውን ቃጠሎ ታውቀዋለህ። በጠርሙስ ውሃ ነው የምረጨው። ከላይ ረጨሁ፣ ለውጥ የለም። ከሥር በአራተኛው ቧንቧ በኩል ስረጭ ፉጨቱ ታነቀ፤ ሞተሩም ወረደ። ማኒፎልዱን አወረድኩት። ከዚህ በፊት የገጠመው ሰው ቡሎኖቹን ከዳር ጀምሮ አጥብቋቸዋል። አሉሚኒየሙ በአንድ በኩል ተቆልምሟል፤ አዲስ ጓርኒሲዮን ብታደርግበትም አይይዝም። መስታወት አጋድሜ የብርጭቆ ወረቀት አነጠፍኩና የማኒፎልዱን ፊት መፋቅ ጀመርኩ።

ዘሪሁን የመጣው ያኔ ነው። ጎማ የሚፈለቅቅበትን ብረት ይዟል።

«ስሌ፣ ያ ሰውዬ ምን ፈልጎ ነው?»

ነገርኩት።

«እና ምን ልትል ነው?»

«ሌባ አልነበረም እላለሁ።»

«እንዴ፣ በዚህ ጆሮዬ አልሰማሁም? ጋሽ መኮንን 'ያዝኩት' ብለው አልጮሁም?»

«የጮኸው ስለ ማኒፎልዱ ነው። አየሩን ነው ሌባ የሚለው። ቀዳዳውን ማግኘቱ ነበር።»

ይህን ሁሉ ዓመት አጠገባችን ጎማ ሲነፋ ኖሮ ያንን አባባልህን አልሰማም ነበር። ኮምፕሬሰሩ ይጮሃል፣ እሱ የሚሰማው ራሱን ነው። ማኒፎልዱን አየ፣ እኔን አየ።

«ለቧንቧ ነው ሰው የረገጥኩት?» አለ።

«አዎ።»

ሳቀ። ረጅም ሳቅ ነበር። «አራት ልጅ አለኝ፣ ስሌ። እናቴ ቤተክርስቲያን ስትሄድ 'የዘሪሁን እናት' ነው የምትባለው። ይህን ለማንም አትነግርም።»

«እነግራለሁ።»

ብረቱን ሲያነሳ አየሁት። ግራ እጄ መስታወቱ ላይ ነበር። አወረደው። ሁለት ጣቶቼ ከነመስታወቱ ተሰበሩ፤ አጥንቱን ከብርጭቆው መለየት አይቻልም ነበር። ቀኝ እጄ ውስጥ ማኒፎልዱ ነበር። ከባድ ነው፣ ጠርዝ አለው። ክንዴ ሥራውን አልረሳም፤ ጆሮው ያለበትን ከፍታ ለካው። አላነሳሁትም። ደግ ስለሆንኩ እንዳይመስልህ። የተሰበረውን እጄን ለመያዝ ማኒፎልዱን አስቀመጥኩት።

«እንግዲህ መስክር» ብሎኝ ወጣ።

እማዬ ከጓዳ መጥታ እጄን በነጠላዋ ጠቀለለችው። ማን መታህ አለችኝ። ሁሉንም ነገርኳት፤ የእኔን፣ የአንተን፣ የሚኒባሱን። ደሙን እያሰረች ሰማችኝ። «የሞተ ሰው መልስ አይሰጥም» አለች። «መልስ መስጠት የማይችል ሰው አታስወቅስ። ያንተን ብቻ ተናገር፣ የእሱን ተው።» የእኔ ብቻውን እንደማይቆም ላስረዳት ሞከርኩ። ቋጠሮውን አጥብቃ ሳበችው፣ እስክጮህ።

ሐሙስ ከድር መጣ። ጄሶውን አይቶ «በአንድ እጅ ትገጥመዋለህ?» አለ። አልችልም አልኩት። ጃኬቱን አወለቀ። እኔ ማኒፎልዱን በክንዴ ደግፌ ያዝኩ፣ እሱ ቡሎኖቹን አስገባ። «ከመሃል ይጀምሩ። አንዱን በግራ፣ አንዱን በቀኝ። መጀመሪያ በስሱ፣ ከዚያ ይመለሱበት» እለዋለሁ። እጁ ጥሩ ነው። ሁለት ጊዜ ዞረበት። አንድ የመጨረሻ ቡሎን ሲቀር ዞሬ በሚሰማው ጆሮው በኩል ቆምኩ።

«ጆሮዎን የመታሁት እኔ ነኝ» አልኩት። «ሦስት ጊዜ መታሁዎት። ሌባ አለመሆንዎን ያወቅሁት ያኑ ቀን ነው፣ ፖሊስ ከወሰድዎት ከትንሽ ደቂቃ በኋላ። አባቴም ያውቅ ነበር።» የቃሉንም ነገር ነገርኩት፤ ሚኒባሱን፣ ፉጨቱን፣ ጣትህን።

የቡሎን መፍቻው እጁ ውስጥ ነበር። አነሳው። አልሸሸሁም፤ የምሸሽበት ቦታም የለም፣ ጀርባዬ ግድግዳ ነው። ፊቱ አመድ መሰለ። መፍቻውን የገዛ መኪናው ጭቃ መከላከያ ላይ አወረደው። ደገመው። ሲደጋግመው ቀለሙ ተፈናጥሮ አንገቴ ላይ አረፈ። ላሜራው እስኪቀደድ መታው። ከመንገድ ሰዎች ቆመው ማየት ጀመሩ። «ምንድን ነው? ምን አደረገ?» ይላሉ። «ምንም አላደረገም» አልኳቸው። «መኪናው የራሱ ነው። እለፉ።» አላለፉም። ብረት በሩን ዘጋሁባቸው።

ደክሞት ሲያቆም ላቡን ጠርጎ የቀረውን ቡሎን አጠበቀ። ሞተሩን አስነሳ። መብራቱ ጠፋ፣ ሞተሩ ጸጥ ብሎ ይሠራል። «አሁን ያፏጫል?» ብሎ ጠየቀኝ። «አያፏጭም» አልኩት። በቃሌ አምኖ ነዳው።

እሑድ ሦስት የወጣቱ አጎቶች ግቢያችን መጡ። ከድር ከእነሱ ራቅ ብሎ ተቀመጠ። እማዬ ከመጋረጃው ጀርባ ነበረች። ሁሉንም ተናገርኩ። ከሦስቱ ትልቁ ሽማግሌ አንድ በአንድ ጠየቀኝ።

«በምን መታኸው?»

«በክሪክ እጀታ።»

«ከወደቀ በኋላስ?»

«ሁለቱ ከወደቁ በኋላ ነው።»

«አባትህ ጣቢያ የሰጡት ቃል ሐሰት ነበር?»

መጋረጃው ተንቀሳቀሰ። እዚህ ላይ ነው እማዬ የጠላችኝ። «ሐሰት ነበር» አልኩ። «እንዳልታሰር ብሎ ነው።»

«እንዴት ብለው ነበር የጮሁት? እስቲ እሳቸው እንዳሉት አድርገህ በለው።»

ወደ መንገዱ አየሁ። እሑድ ነው፣ ሰው ሞልቷል። «እዚህ ቦታ ጮክ ብዬ አልለውም» አልኩ።

ሽማግሌው በሩን አየ፣ የሚያልፈውን ሰው አየ፣ የከድርን ጆሮ አየ። «ገባኝ» አለ። ተነስቶ ከድርን ጨበጠው። ሁለቱ ተከተሉት። እኔን የጨበጠኝ የለም፤ አልጠበቅኩምም። ዘሪሁን ከሱቁ ደጃፍ ቆሞ ሁሉንም ሰምቷል። ከዚያ ቀን ጀምሮ ሱቁ ዝግ ነው።

ኒካሁ ታሰረ። ሠርጉ ባለፈ በአራተኛው ቀን ከድር መጣ፤ ከመኪናው አልወረደም። መስኮቱን ዝቅ አድርጎ «ለልጄ ስል ጠብቄ ነበር» አለ። «ዛሬ ጣቢያ ሄጄ ከስሼሃለሁ። ዘሪሁንንም። ከሰው አፍ እንዳትሰማው ብዬ ነው።» እሺ አልኩት። «ይቅር በለኝ አትልም?» አለኝ። «ይቅር ቢሉኝ ደስ ይለኛል። ግን አሁን ብጠይቅዎት ክሱን እንዲያነሱ የለመንኩ ይመስላል» አልኩት። «አዎ፣ ይመስላል» ብሎ ሄደ። መጥሪያው በሦስተኛው ቀን ደረሰኝ።

እማዬ በተዘጋ በር በኩል አንድ ነገር ብቻ አለችኝ፦ «አባትህ አንተን ለማትረፍ የዋሸውን አንተ አፈረስከው።» ልክ ናት። ያተረፍከኝ አንተ ነህ። ያን ቀን እጄን እንዳጠብክልኝ ከዚያ ወዲያ ማንም አጥቦልኝ አያውቅም። እወድሃለሁ። በሕይወት ብትኖር ግን ይህን ስጽፍ እጄን ትሰብረው ነበር፤ ይህንንም አውቃለሁ። አንዱን ይዤ ሌላውን ልጥል አልችልም።

ሰኞ ጠዋት ጣቢያ እቀርባለሁ። መርማሪው መጀመሪያ የሚጠይቀኝ ሙሉ ስሜን ነው። ስለሺ ብዬ ብቆም «ከነአባትህ» ይለኛል። እስኪለኝ አልጠብቅም። እንዳይሳሳት ፊደል በፊደል እነግረዋለሁ፣ ጽፎ ሲጨርስም አንብቤ አረጋግጣለሁ። ከዚያ በኋላ የማወራው ሁሉ ከዚያ ስም በታች ይጻፋል። እንደማልረሳህ የምሰጥህ ቃል ይኸው ነው።

ልጅህ
ስለሺ መኮንን